ጀርባችሁ ግድግዳ ሲነካ፦ ለጉዞ ፎቶ የሚሆን አልትራዋይድ ሌንስ አመራረጥ

ላሊበላ ለመጀመሪያ ጊዜ የሄድኩት ከካሜራው ጋር አብሮ በሚሸጠው 18-55 ሌንስ ነበር። ቤተ ጊዮርጊስን ከላይ፣ ከአፋፉ ላይ ሆኜ አነሳሁት። የመስቀሉ ቅርጽ ሙሉ በሙሉ ገባልኝ። ደስ አለኝ። ከዚያ በመተላለፊያው ወርጄ ከሥሩ ቆምኩ። ካሜራውን ዓይኔ ላይ ሳደርገው የሚታየኝ በሩና ከጎኑ ያለው ግድግዳ ብቻ ነው። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄድኩ። አሁንም አልገባም። ጥቂት እርምጃ ጨመርኩ፤ ጀርባዬ ዓለቱን ነካ። ሌላ መሄጃ የለም።

አልትራዋይድ፣ ማለትም በጣም ሰፊ እይታ የሚይዝ ሌንስ፣ የሚያስፈልገው እንዲህ ላለ ቦታ ነው። ብዙ ሰው ሊገዛ ሲሄድ ግን "ስንት ሚሊ ነው?" ብሎ ይጀምራል (ሌንሱ ላይ የተጻፈው ሚሊሜትር ነው፤ ባነሰ ቁጥር እይታው ይሰፋል)። እኔ ጥያቄውን ከሌላ በኩል ጀምሩት እላለሁ፦ የምትሄዱበት ቦታ ላይ ስንት ሜትር ወደ ኋላ መራቅ ትችላላችሁ? ይህን ካወቃችሁ ሚሊው ራሱ ይመጣል። እንዴት እንደሚሰላ ከታች አሳያችኋለሁ። ምሳሌዎቼ ከሰሜን ኢትዮጵያና ከሐረር ናቸው። ስሌቱ ግን የትም ያገለግላል።

1. ሌንሱ በእርግጥ ያስፈልጋችሁ እንደሆነ እዩ

ያለፈውን ጉዟችሁን ፎቶዎች ኮምፒውተር ላይ ክፈቱ። እያንዳንዱ ፎቶ በስንት ሚሊ እንደተነሳ በፋይሉ መረጃ ውስጥ ተጽፏል። አብዛኛው 18 ላይ ከሆነ ሌንሱ እየጠበባችሁ ነው። አብዛኛው ከ35 እስከ 55 ባለው ውስጥ ከሆነ ግን ገንዘባችሁን ለሌላ ሌንስ አስቀምጡት።

ሁለተኛው መፈተሻ ኪሳችሁ ውስጥ ነው። ስልካችሁ ካሜራው ላይ "0.5" ወይም "0.6" የሚል ምልክት ካለው አልትራዋይድ አለው ማለት ነው። የአይፎን 11 0.5 በፉል ፍሬም (ትልቅ ሴንሰር ባለው ካሜራ፤ ከታች አብራራዋለሁ) ሲለካ ወደ 13 ሚሊ ይጠጋል። አንድ ሳምንት ሙሉ በእሱ ብቻ አንሱ። ሳሎን ውስጥ፣ ገበያ መሃል፣ ሰርግ ድንኳን ውስጥ። ከዚያ ፎቶዎቹን ተመልከቱ። ባዶ መሬትና ባዶ ሰማይ ከበዛባቸው፣ ሌንስ ከመግዛት በፊት ወደ ነገሩ መቅረብን መልመድ አለባችሁ። እንዴት እንደሚቀረብ ስለ ስሜን ስናወራ እመለስበታለሁ።

ሰፊ እይታ በየጉዞው አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ ከፈለጋችሁ ደግሞ ምንም ገንዘብ የማያስወጣ መንገድ አለ። ካሜራውን አቁማችሁ (ረጅሙ ጎን ወደ ላይ ሆኖ) ያዙና ከግራ ወደ ቀኝ አራት አምስት ፎቶ አንሱ። እያንዳንዱ ከቀጣዩ ጋር ሲሶ ያህል ይደራረብ። በኋላ ኮምፒውተር ላይ ይገጣጠማሉ። ለተራራ በጣም ጥሩ ነው። ሰው ለሚተራመስበት ቦታ ግን አይሆንም።

2. የካሜራችሁን ሴንሰር እወቁ

አንድ ዓይነት 16 ሚሊ በሁለት ካሜራ ላይ ሁለት ዓይነት ስፋት ይሰጣል። ምክንያቱ ሴንሰሩ፣ ማለትም ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶ የሚያደርገው ክፍል፣ መጠኑ ስለሚለያይ ነው። የፉል ፍሬም ሴንሰር 36 በ24 ሚሊሜትር ነው። ብዙዎቻችን የያዝነው ክሮፕ ሴንሰር ግን ወደ 24 በ16 ነው፤ የካነኑ ትንሽ ያንሳል። ስለዚህ ከፉል ፍሬም ጋር ለማወዳደር በኒኮን፣ በሶኒና በፉጂ ክሮፕ ካሜራ ላይ ሚሊውን በ1.5 አባዙት፣ በካነን በ1.6። 18 ሚሊ ኒኮን ላይ 27 ይሆናል።

በፉል ፍሬም አልትራዋይድ የሚባለው ከ24 ሚሊ በታች ያለው ነው። በክሮፕ ደግሞ ከ15 ወይም ከ16 በታች ያለውን ፈልጉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ክሮፕ ካሜራ ይዞ፣ ባለሙያዎች ሲያወድሱት ስለሰማ ብቻ 16-35 ይገዛል። ክሮፑ ላይ ሲገጠም የሚያገኘው ከ24 ጀምሮ ነው። ያን ሁሉ ብር አውጥቶ ከ18-55ቱ ብዙም ያልሰፋ ፎቶ ይዞ ይመለሳል።

3. ሜትሩን አስሉት

ከምታነሱት ነገር ያላችሁን ርቀት በሜትር ያዙ። በሴንሰሩ ረጅም ጎን አባዙት፦ ለፉል ፍሬም በ36፣ ለክሮፕ በ24። የወጣውን ሌንሱ ላይ ለተጻፈው ሚሊ አካፍሉት። ውጤቱ ፎቶው ውስጥ የሚገባው ስፋት ነው፣ በሜትር። ለዚህ የስልክ ካልኩሌተር ይበቃል።

ወደ ቤተ ጊዮርጊስ እንመለስ። ቤተ ክርስቲያኑ በግምት 12 ሜትር በ12 ሜትር ነው፤ ቁመቱም ለዚያ የቀረበ ነው። የተፈለፈለበት ጉድጓድ እያንዳንዱ ጎን ወደ 25 ሜትር ይሆናል። ስለዚህ በዓለቱ ግድግዳና በቤተ ክርስቲያኑ መካከል ያለው ክፍተት 6 ሜትር አካባቢ ነው። በክሮፕ ካሜራ 18 ሚሊ ላይ 6 በ24 ሲባዛ፣ ለ18 ሲካፈል 8 ሜትር ይሆናል። 12 ሜትሩ አይገባም። ያን ዕለት የገጠመኝ ይኸው ነው። በ10 ሚሊ ግን 14.4 ሜትር ይገባል። በፉል ፍሬም 24 ሚሊ 9 ሜትር፣ 16 ሚሊ ደግሞ 13.5 ሜትር ይይዛል። እንግዲህ ለዚህ ቦታ መልሱ በክሮፕ 10፣ በፉል ፍሬም 16 ነው።

ከላይ፣ ከአፋፉ ለማንሳት ግን አልትራዋይድ አያስፈልግም። ሁሉም ሰው የሚያውቀው የቤተ ጊዮርጊስ ፎቶ ከካሜራው ጋር በሚሸጠው ሌንስ የሚነሳ ነው። የሚከብደው የታችኛው ነው።

ቁመት ሌላ ጣጣ አለው። ካሜራውን አቁማችሁ፣ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳታጋድሉ ስትይዙት፣ ከምትሸፍኑት ቁመት ግማሹ ከዓይናችሁ በታች ይቀራል። በ16 ሚሊ ከ6 ሜትር ላይ የ13.5 ግማሽ 6.75 ነው። የዓይናችሁን ከፍታ 1.6 ሜትር ብትጨምሩበት 8 ሜትር ከምናምን ይሆናል። የሕንፃው ጫፍ ይቆረጣል። ካሜራውን ሽቅብ ብታጋድሉት ደግሞ ግድግዳዎቹ ከላይ እየጠበቡ ይሄዳሉ፣ ሕንፃው ወደ ኋላ የሚወድቅ ይመስላል።

የእኔ ምክር ወደ ጉድጓዱ ጥግ ሂዱ ነው። ከጥግ ሲታይ ርቀቱ ከ8 ሜትር ይበልጣል። 16 ሚሊ ይዞ ጥግ ላይ የቆመ ሰው፣ 14 ሚሊ ይዞ ከፊት ለፊት ከቆመው የበለጠ ቁመት ያገኛል። ሁለት ተጨማሪ ሚሊ ለመግዛት ብዙ ሺህ ብር ይወጣል። ወደ ጥግ መሄድ ግን ጥቂት እርምጃ ነው።

አክሱም ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ከሮም እ.ኤ.አ. በ2005 ተመልሶ በ2008 የተተከለው ሐውልት 24 ሜትር ይረዝማል። ግን ዙሪያው ገለጥ ያለ ነው። በፉል ፍሬም 24 ሚሊ ይዛችሁ፣ ካሜራውን አቁማችሁና ቀጥ አድርጋችሁ 30 ሜትር ብትርቁ ጫፉ ይገባል። በ16 ሚሊ 20 ሜትር ይበቃል። ከታች ብዙ መሬት ይተርፋል። ቤት ስትገቡ እሱን ቁረጡት። ሐውልቱ ግን ሳይጋደል ቀጥ ብሎ ይቀራል። ርቀቱን ከወዲሁ ለማወቅ ጉግል ማፕ ላይ ከነጥብ ወደ ነጥብ መለካት ይቻላል። እኔ ከመሄዴ በፊት ሁልጊዜ አደርገዋለሁ።

4. የምትሄዱበት ቦታ ምን ይፈልጋል?

ስሜን ተራሮች ስትሄዱ አንድ ነገር ልብ በሉ። አልትራዋይድ ተራራን ያሳንሳል። ገደሉ አፋፍ ላይ ቆማችሁ ልባችሁን ያራደው እይታ፣ በ16 ሚሊ ሲነሳ ከሰማይና ከሣር መሃል የተሰመረ ቀጭን መስመር ይሆናል። ብዙ ሰው ሌንሱ መጥፎ የሆነ ይመስለዋል። ሌንሱ ሥራውን ሠርቷል። ሁሉንም ነገር አስገብቷል፣ ሁሉንም አርቋል።

መድኃኒቱ ከፊት አንድ ነገር ማስቀመጥ ነው። ከፍ ያለው ቦታ ላይ ጅብራ ይበቅላል። ወደ አንዱ ጅብራ ግማሽ ሜትር እስኪቀራችሁ ድረስ ቅረቡ፣ ዝቅ በሉ። ተክሉ ይገዝፋል፣ ገደሉ ከኋላው ይዘረጋል፣ ፎቶው ጥልቀት ያገኛል። ለዚህ ሌንሱ በቅርብ ፎከስ ማድረግ መቻል አለበት። ስትገዙ ዝርዝሩ ላይ "አነስተኛ የፎከስ ርቀት" የሚለውን እዩ። ከ30 ሳንቲሜትር በታች ቢሆን ደስ ይለኛል።

ፎከሱን የት ታድርጉት? በፉል ፍሬም 16 ሚሊ፣ ኤፍ 8 ላይ፣ ከ1 ሜትር ትንሽ አለፍ አድርጉት (ኤፍ የአፐርቸሩ፣ ማለትም የሌንሱ ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ፣ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል)። ከግማሽ ሜትር ትንሽ አለፍ ብሎ እስከ አድማስ ያለው ሁሉ ጥርት ይላል። ጅብራው ከዚያ ከቀረበ ኤፍ 11 አድርጉ፣ ፎከሱንም ወደ 80 ሳንቲሜትር አምጡት። በክሮፕ 10 ሚሊ፣ ኤፍ 8 ላይ 65 ሳንቲሜትር አካባቢ ይበቃል። ይህን ቁጥር ስልካችሁ ላይ ጽፋችሁ ያዙት።

ጭላዳዎቹን ግን በአልትራዋይድ ለማንሳት አትሞክሩ። መቅረብ ያስፈልጋል፣ መቅረቡም ለእነሱም ለእናንተም ጥሩ አይደለም። ለእነሱ ረጅም ሌንስ ይዛችሁ ሂዱ።

ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ላይ አልትራዋይድ ያለው ሰው ምን ያህል እንደታደለ ያውቃል። ጣሪያው ከ100 በላይ በሆኑ የመላእክት ፊቶች ተሞልቷል። ከሥር ሆናችሁ ሌንሱን ሽቅብ ታዞራላችሁ፣ ረድፎቹ በሙሉ ይገባሉ። ከመግባታችሁ በፊት ጫማ አውልቁ። ለካህኑም "አባ፣ ፎቶ ማንሳት ይፈቀዳል?" ብላችሁ ጠይቁ። ፍላሽ አደራ አታብሩ። ለሥዕሉም አይሆንም፣ ለሚጸልይ ሰውም ረብሻ ነው። ደግሞም ፍላሽ አልትራዋይድን አይሸፍንም። መሃሉ ይነጣል፣ ዳሩ ይጨልማል።

ሐረር ጁገል ውስጥ ሌላ ዓይነት ጥበት አለ። መተላለፊያዎቹ በጣም ጠባብ ናቸው፣ ቀለማቸውም ያምራል። እዚያ ግን እኔ በፉል ፍሬም ከ20 ሚሊ በታች ብዙም አልወርድም። ምክንያቱ ሰው ነው። አልትራዋይድ ከፎቶው ዳር ያለን ሁሉ ይስባል። ዳር የቆመች እናት ፊቷ ይሰፋል፣ እጇ ይረዝማል። ማንም እንዲህ ሆኖ መታየት አይፈልግም። ሰው ካለ ወደ መሃል አምጡት፣ ትንሽም ራቁለት። ባህላዊው የሐረሪ ቤት ውስጥ ስትገቡ ግን ነደባዎቹ (መቀመጫ መደቦቹ) እና በግድግዳው ላይ የተደረደሩት ዕቃዎች በአንድ ፎቶ እንዲገቡ 16 ወይም 14 ሚሊ ያስፈልጋችኋል። እዚያም ጀርባችሁ ግድግዳ ይነካል።

ገናን ላሊበላ የምታከብሩ ከሆነ ደግሞ ቤተ ማርያም ላይ "ቤዛ ኩሉ" ሲባል ካህናቱ ከላይ ከአፋፉም ከታችም ይሰለፋሉ። ሁለቱን ረድፍ በአንድ ፎቶ የሚይዘው ከታች የቆመ አልትራዋይድ ነው። ሕዝቡ እንደ ባሕር ስለሚሆን ወደ ኋላ መሄድ አይታሰብም። ቦታችሁን በሌሊት ያዙ።

5. ኤፍ 2.8 ወይስ ኤፍ 4?

ለጉዞ አብዛኛው ሰው ኤፍ 4 ይበቃዋል። ልዩነቱ አንድ ስቶፕ፣ ማለትም የብርሃን እጥፍ ነው። ኤፍ 4 ላይ ሹተሩ (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/15 ሰከንድ ከሆነ፣ ኤፍ 2.8 ላይ 1/30 ይሆናል። የማይንቀሳቀስ ጣሪያ ወይም ግድግዳ ከሆነ የምታነሱት፣ ሌንሱ ወይም ካሜራው ስታቢላይዘር (የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያለዝብ) ካለው 1/8 ላይም በእጅ ይነሳል።

ማኅሌት የምታነሱ ከሆነ ግን ሐሳቤን እቀይራለሁ። ስታቢላይዘር የእናንተን እጅ እንጂ የሚያሸበሽቡትን ደብተራዎች አያቆምም። በጧፍ ብርሃን ኤፍ 2.8 ያለው ሰው አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት፤ ሲበዛ ፎቶው ይሻክራል) በግማሽ ይቀንሳል። ሌሊት ኮከብ ማንሳት የምትወዱም እንዲሁ። ለኮከብ 500ን ለሚሊው አካፍሉ (ክሮፕ ከሆነ መጀመሪያ በ1.5 ወይም በ1.6 አባዙት)፤ የሚወጣው ኮከቦቹ ሳይሳቡ ልታነሱበት የምትችሉት ሰከንድ ነው። በ16 ሚሊ 31 ሰከንድ አካባቢ።

6. ክብደቱና የፊት መስታወቱ

አሮጌው ኒኮን 14-24 ኤፍ 2.8 ድንቅ ሌንስ ነው። ግን ወደ 1 ኪሎ ይመዝናል፣ የፊት መስታወቱም እንደ ዓይን ወደ ውጭ ያበጠ ስለሆነ ተራ ፊልተር (ሌንሱ ፊት ላይ የሚታሰር መስታወት) አይገጠምበትም። ለዳሎል እንዲህ ያለ ሌንስ አልመክርም። ዳሎል ከባሕር ወለል በታች ያለ ቦታ ነው፤ ጨውና አሲድ ያለበት ነው። ነፋሱ የጨው ብናኝ ያመጣል። ፊት ለፊቱ ጠፍጣፋ የሆነና ፊልተር የሚቀበል ሌንስ ከሆነ መከላከያ ፊልተር አስራችሁ ትሠራላችሁ፤ ቢጫር የሚጫረው ፊልተሩ ነው። ሌንስ እዚያ ሜዳ ላይ አትቀይሩ። ጠዋት ከመነሳታችሁ በፊት አልትራዋይዱን ገጥማችሁ ውጡ።

ፖላራይዘር ፊልተር (ሰማይን የሚያጠቁረውን) ለአልትራዋይድ አትግዙ። ሰማዩ እኩል ስለማይጠቁር በአንድ በኩል ጠቆር ያለ ሰማያዊ፣ በሌላው ነጣ ያለ ሆኖ ይወጣል። ገንዘቡ ለተጨማሪ ባትሪ ቢሆን ይሻላል።

7. ለየካሜራው የምመርጠው

ካነን ክሮፕ ዲኤስኤልአር (ውስጡ መስታወት ያለው ካሜራ) ካላችሁ ኢኤፍ-ኤስ 10-18 ብዙ ሳትጨነቁ ግዙ። 240 ግራም ብቻ ነው፣ ስታቢላይዘር አለው፣ የሚቀበለው ፊልተር 67 ሚሊሜትር ነው። ይህ ሌንስ ለፉል ፍሬሞቹ ለ5ዲና ለ6ዲ አይገጥምም። ኒኮን ክሮፕ ካላችሁ ኤኤፍ-ፒ 10-20 አለ፤ 230 ግራም ነው። እዚህ ግን ጥንቃቄ። እንደ ዲ90፣ ዲ3100 እና ዲ7000 ባሉ አሮጌ ካሜራዎች ላይ ፎከስ አያደርግም። ሳታውቁ ከገዛችሁት አይሠራላችሁም። ለእነዚህ ካሜራዎች ቶኪና 11-16 ኤፍ 2.8 ይሻላል፣ ለማኅሌትም ለኮከብም ይሆናል። ዲ3100 ላይ ግን የመጀመሪያው ቶኪና በራሱ ፎከስ አያደርግም፤ ሞተር ያለው ሁለተኛው ስሪት ነው። እሱን ፈልጉ።

ሶኒ ክሮፕ ከሆነ የሶኒው 10-18 ኤፍ 4 ወይም የሲግማው 10-18 ኤፍ 2.8። ሁለቱም ቀላል ናቸው። እኔ ብሆን ሲግማውን እወስዳለሁ። ፉጂ ከሆነ 10-24 ኤፍ 4።

ፉል ፍሬም ለያዛችሁ፦ ካነን ዲኤስኤልአር ላይ 16-35 ኤፍ 4 በጣም እወደዋለሁ፣ 615 ግራም ነው። እጅ ካጠረ ያገለገለ 17-40 ኤፍ 4 ፈልጉ። አሮጌ ነው፣ ዳሩ ትንሽ ይደበዝዛል፣ ኤፍ 8 ላይ ግን መንገድ ላይ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ኒኮን ዜድ (መስታወት አልባው) ላይ 14-30 ኤፍ 4 አለ። 14 ሚሊ ሆኖ ጠፍጣፋ ፊት ያለውና ፊልተር የሚቀበል ስለሆነ ለጉዞ ከማውቃቸው ሁሉ አስበልጠዋለሁ። ለካነን መስታወት አልባ ካሜራዎች የሚሆነው አርኤፍ 16 ሚሊ ኤፍ 2.8 ደግሞ 165 ግራም ብቻ ነው። ዙም የለውም፣ ግን ኪስ ውስጥ ይገባል፣ ዋጋውም ከሌሎቹ ይቀላል።

ፊሽአይ የሚባለውን ከአልትራዋይድ ጋር አታምታቱ። እሱ ቀጥ ያለውን ግድግዳ ሁሉ ያጎብጣል።

ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ለበዓል የምትመጡ ከሆነ ደግሞ ለሁለት ሳምንት መከራየትን አስቡበት። አንድ ጊዜ ላሊበላን ለማንሳት ሌንስ ገዝቶ ዓመት ሙሉ ቁም ሳጥን ውስጥ ማስቀመጥ ያሳዝናል።

8. ያገለገለ ስትገዙ

አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ ሌንስ በቴሌግራም ይሸጣል። በቀን፣ ሰው ባለበት ካፌ ተገናኙ። የራሳችሁን ካሜራ ይዛችሁ ሂዱ። በሻጩ ካሜራ ብቻ የተሞከረ ሌንስ አትግዙ። እኔ አንድ ጊዜ ቸኩዬ ገዝቼ፣ ቤት ስገባ የግራው ዳር ሁልጊዜ ደብዛዛ ሆኖ አገኘሁት። ሻጩም ስልኬን ማንሳት አቆመ።

አልትራዋይድ ሲወድቅ መስታወቶቹ በትንሹም ቢሆን ከቦታቸው ይንሸራተታሉ። ከላይ ምንም አይታይም፤ ፎቶው ላይ ግን አንዱ ዳር ይደበዝዛል። ስለዚህ የብሎኬት ግድግዳ ወይም የቆርቆሮ አጥር ፈልጉ። ፊት ለፊቱ ቀጥ ብላችሁ ቁሙ። በሰፊው ሚሊ፣ አንዴ አፐርቸሩን ሙሉ ከፍታችሁ፣ አንዴ ኤፍ 8 ላይ አንሱ። አራቱንም ማዕዘን አጉልታችሁ አወዳድሩ። ሁሉም እኩል ትንሽ ቢደበዝዙ የሌንሱ ጠባይ ነው። አንዱ ብቻ ከደበዘዘ ተዉት። ከዚያ የስልክ መብራት ከኋላ አብርታችሁ በፊት በኩል ተመልከቱ፤ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነው። ጥቂት አቧራ ግን ፎቶው ላይ አይታይም። የፊልተር ጥርሱን በጣት ዳብሱት። ጎርበጥ ካለ ወድቋል።

9. ከጉዞው በፊት ባለው ሳምንት

ሌንሱን ሳሎናችሁ ውስጥ ግጠሙ። ጀርባችሁን ግድግዳው ላይ አስደግፉ። ካሜራው ውስጥ ያለውን የሚዛን መስመር አብሩና ካሜራው ሳይጋደል አንድ ፎቶ አንሱ። ከዚያ ወደ ላይ አጋድላችሁ ሌላ አንሱ። የበሩን ጠርዝ በሁለቱ ፎቶ አወዳድሩ። ከቤተሰብ አንድ ሰው መሃል አስቁሙ፣ ከዚያ ዳር፤ ፊቱን ተመልከቱ። ቡና እየተፈላ ከሆነ ረከቦቱን ከ40 ሳንቲሜትር ላይ ከፊት አድርጋችሁ ሙሉ ክፍሉን ከኋላ አስገቡ፣ ፎከሱንም ኤፍ 11 ላይ አስተካክሉ። ሲኒዎቹም ከኋላ የተቀመጡት ሰዎችም ጥርት ብለው እስኪወጡ ድረስ ደጋግሙት። ስሜን ላይ ጅብራውን የምታነሱት ልክ እንደዚሁ ነው።